ቀራንዮ (የቦታ ስም)

ቀራንዮ በክርስትና እምነት ኢየሱስ ክርስቶስ የተሰቀለበት፣ በዘመኑ ከኢየሩሳሌም ከተማ ቅጥር ውጭ የነበረ ስፍራ ስም ነው። ጎልጎታ ተብሎም ይጠራል። በኢትዮጵያ ይኸው ስም ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለሰፈሮችና ለከተሞች ተሰጥቶ ስለሚገኝ፣ «ቀራንዮ» ሲባል የትኛው ቀራንዮ እንደሆነ ከአገባቡ መለየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ያለ ሰፈርና የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ አካባቢ የምትገኝ ከተማ፣ እንዲሁም በመድኃኔ ዓለም ስም የተሰየሙ አድባራት ስሙን ይጋራሉ። በላሊበላ ደግሞ የስሙ ሌላ መልክ የሆነው ጎልጎታ ከዓለት ለተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ሆኗል።

ይህ ጽሑፍ ስሙ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት ወደ ኢትዮጵያ እንደተሻገረና ዛሬ የት የት እንደሚገኝ ይገልጻል።

## የስሙ ምንጭ

«ቀራንዮ» ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝም ወደ አማርኛ የገባ ስም ነው። በግሪክኛ «ክራኒዮን» ማለት የራስ ቅል ማለት ነው። የሕክምና ተማሪዎች ዛሬም የራስ ቅልን «ክሬኒየም» ሲሉ የሚጠቀሙበት ቃል ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ቀራንዮ እሄዳለሁ» ሲል ቃሉን በቀጥታ ብንፈታው «ራስ ቅል እሄዳለሁ» ማለቱ ነው።

«ጎልጎታ» ደግሞ ተመሳሳይ ትርጉም ያለው የአረማይክ ቃል ነው። በዕብራይስጥ «ጉልጎሌት» ከሚለው፣ የራስ ቅል ማለት ከሆነው ቃል ጋር ዝምድና አለው። ከአራቱ ወንጌሎች ማቴዎስ (27፥33)፣ ማርቆስ (15፥22) እና ዮሐንስ (19፥17) «ጎልጎታ» የሚለውን ስም ጠቅሰው ትርጉሙን ይናገራሉ። ሉቃስ (23፥33) ግን የአረማይኩን ስም ትቶ በግሪክኛው ብቻ ይጠራዋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ወንጌል «ቀራንዮ» የሚለው የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎች ቋንቋዎችም ስሙን በራሳቸው መንገድ ወስደዋል። ላቲን ተናጋሪዎች ትርጉሙን ይዘው «ካልቫሪያ» አሉት፤ የምዕራብ አገሮች «ካልቫሪ» የሚሉት ከዚህ ነው። በዓረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ወንጌል «ጁምጁማ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ይህም በዓረብኛ የራስ ቅል ማለት ነው። ላቲኑና ዓረብኛው ትርጉሙን ሲወስዱ ግዕዝ ግን የግሪክኛውን ድምፅ እንዳለ ወሰደ። በኢትዮጵያ ስሙ ከራስ ቅል ጋር ያለው ግንኙነት ከተራው ተናጋሪ የተሰወረውና እንደ ንጹሕ የቦታ ስም የሚቆጠረው በዚህ የተነሣ ነው።

### ለምን «ክ» ሳይሆን «ቀ» ሆነ?

የግሪክኛው ቃል በ«ክ» ድምፅ ሲጀምር የግዕዙ በ«ቀ» መጀመሩ ስሕተት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት ተርጓሚዎች የተከተሉት ቋሚ ልማድ ነበር። ግሪክኛ ሁለት ዓይነት የ«ክ» ፊደል አለው። «ካፓ» የተባለው በአብዛኛው በ«ቀ» ቤት ተጻፈ፦ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ቆሮንቶስ፣ ቆጵሮስ። «ኺ» የተባለው ደግሞ በ«ከ» ቤት ተጻፈ፦ ክርስቶስ፣ አንጾኪያ። በ«ጠ» እና በ«ተ» መካከልም ተመሳሳይ ክፍፍል አለ፤ «ጢሞቴዎስ» በሚለው አንድ ስም ውስጥ ሁለቱም ይታያሉ። «ክራኒዮን» የሚጀምረው በካፓ ስለሆነ በግዕዝ «ቀራንዮ» ሆነ።

## በኢየሩሳሌም

የመጀመሪያው ቀራንዮ በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር እንዳለ በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ይታመናል። የመጀመሪያው ሕንፃ በንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ዘመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ335 ተቀደሰ። እ.ኤ.አ. በ1009 በፋጢማዊው ኸሊፋ አል ሓኪም ትእዛዝ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በ11ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ተሠራ፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ መስቀለኞች አስፋፍተው አሁን ያለውን መልክ ሰጡት። ዓረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ሕንፃውን «ከኒሰት አል ቂያማ»፣ ማለትም የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ይሉታል።

ቀራንዮ የተባለው ዓለት ከቤተ ክርስቲያኑ ዋና ወለል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ወደ እርሱ የሚወጣው በደረጃ ነው። ከሥሩ የአዳም የጸሎት ቤት የሚባል ክፍል አለ። በጥንት ትውፊት መሠረት የአዳም ራስ ቅል የተቀበረው እዚያ ሲሆን የክርስቶስ ደም በዓለቱ ስንጥቅ ወርዶ በላዩ ፈሰሰ ይባላል። በኢትዮጵያ የስቅለት ሥዕሎች ላይ ከመስቀሉ ግርጌ የሚሣለው ራስ ቅል ይህንን ትውፊት የሚያሳይ ነው።

ሁሉም ክርስቲያኖች ግን በቦታው አይስማሙም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደማስቆ በር ውጭ ያለ፣ ፊቱ ራስ ቅል የሚመስል ገደል «እውነተኛው ቀራንዮ» ነው የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሐሳቡን ይበልጥ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1883 ኢየሩሳሌም የነበረው የእንግሊዝ የጦር መኮንን ቻርልስ ጎርደን ነው፤ ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በካርቱም የተገደለው ያው ጎርደን ነው። በአቅራቢያው ያለው «የአትክልት ስፍራው መቃብር» ዛሬም በተለይ በፕሮቴስታንት ጎብኚዎች ዘንድ ይዘወተራል።

### ዴር ሡልጣን

ለኢትዮጵያውያን የኢየሩሳሌሙ ቀራንዮ በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቅ ቦታ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ከቅድስት ዕሌኒ የጸሎት ቤት በላይ ባለው ዴር ሡልጣን ገዳም ይኖራሉ። በግቢው መካከል የዕሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ይታያል፤ ዙሪያውን የመነኮሳቱ ትንንሽ ጎጆዎች አሉ። ከጣሪያው ወደ ታች የሚወስደው መተላለፊያ የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል በተባሉ ሁለት ጸሎት ቤቶች ውስጥ ያልፋል።

ስሙ ዓረብኛ ነው፤ «የሡልጣን ገዳም» ማለት ነው። «ዴር» የሚለው ቃል በዓረቡ ዓለም በብዙ የቦታ ስሞች ይገኛል፤ በሶርያ ዴር ኤዝ ዞር፣ በጋዛ ዴር አል በላህ፣ በግብጽ ዴር አል ባሕሪ ይጠቀሳሉ። ቃሉ ከሶርያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ማደሪያ፣ መኖሪያ የሚል መነሻ አለው። ከግዕዙ «ደብር» ጋር ድምፁ ቢቀራረብም አንድ አይደለም፤ «ደብር» መነሻ ትርጉሙ ተራራ ነው።

ገዳሙ በኢትዮጵያውያንና በግብጽ ኮፕቶች መካከል ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የኖረ ነው። ዋና ዋናዎቹ ክንውኖች እንደሚከተለው ናቸው፦

* እ.ኤ.አ. በ1838 በኢየሩሳሌም በተነሣ ወረርሽኝ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አለቁ፤ የገዳሙ መጻሕፍትም እንደተቃጠሉ ይነገራል። በኢትዮጵያ በኩል የይዞታ ማስረጃ የጠፋው በዚህ ጊዜ ነው ይባላል።
* እ.ኤ.አ. በ1852 የኦቶማን ሡልጣን በቅዱሳት መካናት ላይ ያለው ይዞታ ባለበት እንዲጸና አዘዘ። ይህ ድንጋጌ እስከ ዛሬ የክርክሮች ሁሉ መነሻ ነው።
* እ.ኤ.አ. በ1961 ያን ጊዜ ከተማዋን ታስተዳድር የነበረችው ዮርዳኖስ ለኢትዮጵያውያን ፈረደች፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ውሳኔውን አገደች።
* እ.ኤ.አ. በ1970 በትንሣኤ ሌሊት፣ ኮፕቶቹ በጸሎት ላይ ሳሉ፣ የሁለቱ ጸሎት ቤቶች በሮች ቁልፍ ተለውጦ ይዞታው በኢትዮጵያውያን እጅ ሆነ።
* እ.ኤ.አ. በ1971 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለኮፕቶቹ እንዲመለስ ወሰነ፤ አፈጻጸሙን ግን መንግሥት ጉዳዩን እስኪያጠና ድረስ ሊያቆየው እንደሚችል ፈቀደ። ውሳኔው ሳይፈጸም ኖሯል።

በክርክሩ ምክንያት ለገዳሙ እድሳት የሁሉንም ወገን ስምምነት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የጎጆዎቹ መጎሳቆል ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ከዴር ሡልጣን ሌላ ኢትዮጵያውያን በምዕራብ ኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ስም በተሰየመው መንገድ ላይ፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የተባለ ገዳም አላቸው። ሕንፃው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ተጠናቀቀ።

## በላሊበላ

ኢየሩሳሌም ሩቅ ስለነበረች ስሞቿ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከሁሉ ይበልጥ የተሟላው ምሳሌ ላሊበላ ነው። በከተማው መካከል የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል። ከዓለት ከተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ ጎልጎታ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን በሰሜኑ ምድብ ከቤተ ደብረ ሲና (ቤተ ሚካኤል) ጋር ተያይዞ የተሠራ ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ በተቀረጹ ታላላቅ የቅዱሳን ምስሎች ይታወቃል። ንጉሥ ላሊበላ የተቀበረው በዚሁ እንደሆነ ይታመናል። እንደ ልማዱ ሴቶች ወደ ቤተ ጎልጎታ አይገቡም። በመግቢያው አጠገብ ከዓለት የተጠረበ፣ መቃብረ አዳም የተባለ ማማ የመሰለ ክፍል አለ። ስለዚህ በኢየሩሳሌም የአዳም ጸሎት ቤት ከቀራንዮ ሥር እንዳለ ሁሉ፣ በላሊበላም የአዳም መቃብር ከጎልጎታ አጠገብ ተቀምጧል። ስሞቹ ብቻቸውን አልመጡም፤ የቦታዎቹ ቅርርብም አብሮ መጥቷል።

በሰፊው የሚነገረው ምክንያት፣ እ.ኤ.አ. በ1187 ሳላሕ አድ ዲን ኢየሩሳሌምን ከመስቀለኞች በመያዙ ተሳላሚዎች መሄድ ስላልቻሉ ንጉሡ «አዲሲቱን ኢየሩሳሌም» አሠራ የሚል ነው። የንጉሡ ዘመን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ በመሆኑ ጊዜው ይገጥማል። ነገር ግን ሁሉም ምሁራን በዚህ አይስማሙም። አንደኛ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በአንድ ዘመን የተፈለፈሉ ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ገድለ ላሊበላ የተጻፈው ከንጉሡ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያውያን ከ1187 በኋላም ወደ ኢየሩሳሌም መጓዝ አላቋረጡም።

## በአዲስ አበባ

ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በዚያ ካለው የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች በደብራቸው ስም መጠራታቸው የተለመደ ነው፤ ኡራኤል፣ ሳሪስ አቦ፣ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም እንደሚባለው ማለት ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ደግሞ የሁለት ቀደምት ሰፈሮች፣ የኮልፌና የቀራንዮ፣ ስም ተጣምሮ የወጣለት ክፍለ ከተማ ነው። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍላተ ከተማ ስትዋቀር ከአሥሩ አንዱ ሆነ፤ በኋላ ለሚ ኩራ ሲጨመር ቁጥራቸው 11 ደርሷል። «አቃቂ ቃሊቲ» እና «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» የሚሉት ስሞችም በዚሁ መንገድ የተገኙ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክፍለ ከተማው ነዋሪ ከ400 ሺህ በላይ ነበር።

በክፍለ ከተማው ውስጥና በዙሪያው ከሚታወቁ ሰፈሮች መካከል አየር ጤና፣ ቤተል፣ ዓለም ባንክ፣ ካራ ቆሬና ጦር ኃይሎች ይገኛሉ። ከአየር ጤና በካራ ቆሬ በኩል የሚወጣው መንገድ ወደ ሰበታና ወደ ጅማ ይወስዳል። በኮልፌ በኩል ደግሞ የሙስሊሞች መካነ መቃብር አለ። ስሙ ከወንጌል የመጣ ክፍለ ከተማ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሰፍሮ ይኖራል፤ «ኮልፌ ቀራንዮ ነው የምኖረው» ማለትም ስለ ሰውየው ሃይማኖት የሚናገረው ነገር የለም። ኮልፌ በአፍሪካ የነጻነት ትግል ታሪክም ስሙ ይነሣል። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በኮልፌ በነበረው የፖሊስ ካምፕ ነው።

ሰፈሩንና ክፍለ ከተማውን ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው። የታክሲ ረዳት «ቀራንዮ» ብሎ ሲጣራ ሰፈሩን ማለቱ ነው፤ በመታወቂያ ላይ የሚጻፈው ግን ክፍለ ከተማው ነው። አየር ጤና የሚኖር ሰው የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ ቢሆንም ቀራንዮ ሰፈር አይኖርም።

## በጎጃምና በሌሎች ቦታዎች

በአማራ ክልል ምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ ቀራንዮ የምትባል ከተማ አለች። በአካባቢው ትልቋ ከተማ ሞጣ ስለሆነች የጎጃሙን ቀራንዮ ከአዲስ አበባው ለመለየት ብዙ ጊዜ «የሞጣው ቀራንዮ» ወይም «የጎጃሙ ቀራንዮ» ይባላል።

ከዚህ ሌላ «ደብረ ቀራንዮ» የሚል ስም ያላቸው አድባራት በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎችና በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይገኛሉ። ስሙ ከመድኃኔ ዓለም ታቦት ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኔ ዓለም የዓለም መድኃኒት ማለት ሲሆን የስቅለቱ መታሰቢያ ነው፤ ስቅለቱ የተፈጸመውም በቀራንዮ ነው። የመድኃኔ ዓለም ወርኃዊ በዓል በየወሩ በ27 ይውላል። ዋናው መታሰቢያ መጋቢት 27 ነው፤ ይህ ቀን በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ግን በዓሉ ጥቅምት 27 በድምቀት ይከበራል። ስለዚህ የቀራንዮ ስም ያለው ሰፈር ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በጥቅምት 27 ሰው የሚበዛበት ሰፈር ነው።

## ተመሳሳይ የስም ጉዞዎች

ቀራንዮ ብቻውን የመጣ ስም አይደለም። ከቅድስት አገርና ከአካባቢዋ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሌሎች የታወቁ ስሞች አሉ፦

* ደብረ ታቦር፦ በገሊላ ካለው የታቦር ተራራ፤ በደቡብ ጎንደር ያለ ከተማ።
* ደብረ ሲና፦ ከሲና ተራራ፤ በሰሜን ሸዋ ያለ ከተማ።
* ደብረ ሊባኖስ፦ በሸዋ ያለ ገዳም። ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ስሙ ተለወጠ።
* ደብረ ፀሐይ ቁስቋም፦ በጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት። ቁስቋም በላይኛው ግብጽ ያለ ስፍራ ሲሆን ዛሬ በዚያ ዴር አል ሙሐረቅ የተባለ የኮፕቶች ገዳም አለ።
* ቤተ ልሔም፦ በጋይንት ያለ ደብር፤ የድጓ ትምህርት ምስክር ቤት በመሆን ይታወቃል።
* ደብረ ዘይትና ናዝሬት፦ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለቢሾፍቱና ለአዳማ የተሰጡ ስሞች። ዛሬ ሁለቱም ከተሞች በይፋ የሚጠሩት በቀድሞ የኦሮምኛ ስማቸው ነው።

የመጨረሻው ምሳሌ የስም መዋስ ሌላ ገጽታ እንዳለው ያሳያል። አዲስ ስም የሚሰጠው ባዶ ቦታ ላይ እምብዛም አይደለም፤ ከሥሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ስም አለ። በደብረ ሊባኖስ አዲሱ ስም ጸንቶ የቀድሞው በመጻሕፍት ቀረ፤ በቢሾፍቱና በአዳማ ግን የቀድሞው ተመለሰ። ይሁን እንጂ በብዙ ሰው አንደበት «ደብረ ዘይት» እና «ናዝሬት» አሁንም ይሰማሉ።

## አጻጻፍና ፍለጋ

የስሙ አጻጻፍ አንድ ወጥ አይደለም። «ቀራንዮ» የሚለው የተለመደው ነው፤ «ቀራኒዮ» ተብሎም ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የመጀመሪያው ድምፅ በሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሚወከል የካርታ አዘጋጆች አንዱን ቦታ በተለያየ ስም ሲመዘግቡት ይታያል።

ችግሩ የሚብሰው ከአብሮት ስሙ ነው። «መድኃኔ ዓለም» ውስጥ «ኃ» በዛሬ አነጋገር አንድ ዓይነት ድምፅ ባላቸው ስድስት ፊደላት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ይችላል። «ዓ» ደግሞ በአራት (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)። ስድስት በአራት ሲባዛ 24 ይሆናል፤ ቃሉ ተያይዞም ተነጣጥሎም ስለሚጻፍ 48። «መድኃኒዓለም» የሚሉም ስላሉ «ኔ»ን እና «ኒ»ን ከቆጠርን 96 ይደርሳል። ሰው ሁሉንም እንደ አንድ ያነባቸዋል። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር ስላለው 96 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በመሆኑም በአንዱ አጻጻፍ የተመዘገበ ቦታ በሌላው ሲፈለግ «አልተገኘም» ሊባል ይችላል።

የተለመደው መፍትሔ ጽሑፉ ከመፈለጉ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስና ክፍተቱን ማጥፋት ነው። ይህ ግን ለፍለጋ ብቻ እንጂ ለጽሑፉ ራሱ መደረግ የለበትም። በግዕዝ የፊደሉ ልዩነት የትርጉም ልዩነት ያመጣል፤ «ሠረቀ» ወጣ፣ ታየ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ነው።

## ለመለየት

* ስለ ስቅለት፣ ስለ ወንጌል ወይም ስለ ኢየሩሳሌም ሲነገር፦ የኢየሩሳሌሙ ቀራንዮ (ጎልጎታ)።
* ከዓለት ስለተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ሲነገር፦ የላሊበላው ቤተ ጎልጎታ።
* ስለ አዲስ አበባ ትራንስፖርት፣ ቤት ወይም ሰፈር ሲነገር፦ ቀራንዮ ሰፈር።
* ስለ መታወቂያ፣ ወረዳ ወይም አስተዳደር ሲነገር፦ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ።
* ከሞጣ ወይም ከሁለት እጁ እነሴ ጋር ሲነሣ፦ የምሥራቅ ጎጃሙ ቀራንዮ ከተማ።
* ከመድኃኔ ዓለም በፊት «ደብረ» ሲጨመርበት፦ በዚያ ስም የተሰየመ ደብር፤ የትኛው እንደሆነ ከአካባቢው ስም ጋር ይጠቀሳል።